ከካዛንቺስ ቂርቆስ ዝንብ ተሸክሜ

ዝንብ አረባለሁ። ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃችኋለሁ።

እናቴም ስቃለች። ልጄ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊይዝ ነው ብላ ለዕድርተኛው ሁሉ ካወራች በኋላ «በምን?» ሲሏት «በዝንብ» ማለት ከበዳት። አሁን አሁን «በጤና ነው» ብላ ታልፈዋለች። ውሸቷን ነው። ከዝንብ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ ጤና ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።

ዋናው ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህርነት ነው። ማስተርሴን በኤክስቴንሽን ስማር ይኸው አራተኛ ዓመቴ። ሁለት ዓመት ይበቃው ነበር። ሦስት ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቄ ሦስቱንም ሰጥተውኛል፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ግን «ለመጨረሻ ጊዜ» የሚል አለ፣ ያውም ከሥሩ ተሰምሮበት። ዘንድሮ ካልጨረስኩ አራት ዓመት ሙሉ ዝንብ እሽ ሲል የኖረ ሰው ሆኜ እቀራለሁ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሥራ ፈት ሳይመዘገብ ይሠራዋል።

የማጠናት ዝንብ ሳህናችሁ ላይ እያረፈች የምታበሳጫችሁ አይደለችም። ሙዝ ሲበስል ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ከላዩ የምትዞረው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጠው ናት። ዓይኗ ቀይ ነው። የእኔዎቹ ግን ዓይን የላቸውም። ሲፈጠሩም አልነበራቸውም። ዓይን እንዲሠራ የሚያዘው ዘረ መል ተበላሽቶባቸዋል፤ እሱ ሲበላሽ በሥሩ ያሉት ሌሎቹ ዘረ መሎች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው የእኔ መመረቂያ ጽሑፍ። ዘሩን አማካሪዬ ዶክተር አልማዝ ከውጭ አገር ስብሰባ ሲመለሱ እንደ ሽቶ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡልኝ ነው። አገር ውስጥ ሌላ ቦታ የለም። እነሱ ከሞቱ እኔም ሞትኩ።

መከራዬ የጀመረው በቀለም ነው። ካዛንቺስ ያለው ላቦራቶሪያችን ይቀባ ተባለ። የቀለም ሽታ ለዝንብ አይስማማም፤ ስለዚህ ዶክተር አልማዝ «ሁላችሁም ዝንባችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ» አሉ። ለአንድ ወር።

ሦስቱን ብልቃጥ አፋቸውን በጥጥ ወትፌ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ማቀፌ አሳዘናቸው መሰለኝ።

«ጫጩት ነው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ዝንብ ነው።»

«ምን?»

«ዝንብ። በሕይወት ያለ።»

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ቂርቆስ። ቤቴ።»

ሽማግሌው በመስኮት ውጭውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣» አሉ በሐዘኔታ፣ «እኔ ቄራ አጠገብ ነው ተወልጄ ያረጀሁት። ወደዚያ አቅጣጫ ዝንብ ጭኖ ሲሄድ ያየሁት ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ከኋላ አንድ ቦታ ሲለቀቅ ተነስተው ሄዱ።

አከራዬ እማማ አሰለፈች ይባላሉ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል አከራይተውኛል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ያገለገሉት፤ ግቢያቸውንም የሚያስተዳድሩት እንደ መዝገብ ቤት ነው። እሳቸው ያላዩት ነገር አይገባም፣ አይወጣም። በሩ ፊት ለፊት ለቧንቧ ተብሎ የተቆፈረ ቦይ አለ። ቆፋሪዎቹ ቆፍረው ሄዱ፣ ቧንቧው ሳይመጣ ቀረ፣ እኛም አንድ ጣውላ ጣል አድርገንበት እንሻገራለን። እማማ ከጣውላው ወዲያ ቆመው ጠበቁኝ። እጃቸው ላይ ፍሊት ነበር።

«ምንድነው እሱ?»

«የትምህርት ዕቃ ነው እማማ።»

«የትምህርት ዕቃ ይንቀሳቀሳል?»

እውነቱን ተናገርኩ። ፍሊቱን አላስቀመጡም።

«ምን ይበላሉ?»

«ገንፎ።»

«ገንፎ! ማን ወልዶ ነው?»

«ሁሉም እማማ። በየቀኑ ነው የሚወልዱት።»

እውነቴን እኮ ነው። የላቦራቶሪ ዝንብ የሚቀለበው በበቆሎ ዱቄት፣ በስኳርና በእርሾ በሚሠራ ገንፎ ነው። በማግስቱ እኔው ለማገንፋት ስሞክር ጓጎለብኝ፣ ከሥሩ አረረ፣ ከላዩ ጥሬ ሆነ። እማማ ጭሱን ተከትለው መጡና ማማሰያውን ከእጄ ነጠቁ። «ለዝንብም ቢሆን ገንፎ እንዲህ አይሠራም! ነውር ነው!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎው የእሳቸው ሆነ፣ ፍሊቱም ወደ ቁም ሳጥን ገባ።

ማጉያ ሌንሱን ሰጥቼ ያሳየኋቸው ዕለት ነው ነገር የተበላሸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። «ምስኪን፣» አሉ፣ «ፊታቸው እኮ ባዶ ነው። ለምንድነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን መምህር ነኝ፣ አፌ ሰፊ ነው።

«እንዲህ ነው እማማ። ዓይን የሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች አሉ። አንዱ ቀለሙን ይሠራል፣ አንዱ ሌንሱን፣ አንዱ ነርቩን። ከሁሉም በላይ ግን አንድ አለቃ አለ። እሱ ሲፈርም ሁሉም ሥራ ይጀምራል። የእነዚህ አለቃ የለም። ሠራተኞቹ በሙሉ አሉ፣ ደህና ናቸው፤ ግን ትእዛዝ ስላልመጣላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።»

«ሻይ እየጠጡ፣» አሉ እማማ።

«እንደዚያ በሉት።»

«አውቃቸዋለሁ።»

የተረዳ ተማሪ ያላየ መምህር አንድ ሲያገኝ ልጓሙን ይበጥሳል። ቀጠልኩ። ይኸው አለቃ ከቦታው ውጭ፣ ለምሳሌ እግር ላይ ቢፈርም እግር ላይ ዓይን እንደሚበቅል፣ በሌላ አገር ሰዎች ሞክረውት እንደተሳካ ነገርኳቸው። ያማትባሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በመስኮት ወደ ቦዩ አዩና «ለዚህ ሰፈርስ እሱ ነበር የሚሻለው» አሉ።

ኑሯችን ተመቻቸ። ዝንቦቹን ለማደንዘዝ ብልቃጡን ለጥቂት ደቂቃ የእማማ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሽሮው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ገና ከመፈልፈላቸው ወንድ ያላገኛቸውን ሴቶች ለይቼ ማውጣት አለብኝ፣ የሙያው ግዴታ ነው። አንድ ጠዋት እማማ ከደጅ ሆነው «አንተ፣ ቁርስ አትበላም እንዴ?» ብለው ሲጣሩ፣ ሳላስብ «መጣሁ እማማ፣ ድንግሎቹን ለይቼ ልጨርስ!» ብዬ ጮህኩ። ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጥበው ጎረቤታችን ቀና ብላ በሬን አየችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የምትመልስልኝ በግማሽ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለብሔራዊ ፈተና ፈታኝ ሆኜ ክፍለ አገር ተላክሁ። ለስምንት ቀን። ዝንቦቹን ለእማማ አስረክቤ መመሪያ ጻፍኩላቸው፦ ፍሊት አይነፋ፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፣ ገንፎው ሲደርቅ ትንሽ ይጨመር፣ ጥጡ ወዲያው ይመለስ። እማማ አነበቡ፣ «ተረክቤያለሁ» ብለው ፈረሙ፣ አንድ ቅጂ እሳቸው ዘንድ አስቀሩ። ያ ወረቀት ዛሬም አለኝ። ያልከለከልኩትን ነገር ፍለጋ አንዳንዴ አነበዋለሁ።

ስመለስ ሻንጣዬን ሳላወርድ ሌንሱን አነሳሁ። ዓይን። ቀይ፣ ክብ፣ ሙሉ ዓይን! አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ሦስት፣ በሌሎቹ ሁለት ሁለት። ስሄድ እጭ የነበሩት ናቸው በስምንት ቀን ውስጥ ዓይን አውጥተው የጠበቁኝ ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ላይ የትኛውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። እኔ አልጠየቅሁትም። አራት ዓመት ሙሉ ያልተሳካለት ሰው ተአምር ሲያይ ጥያቄ አይጠይቅም። እየሮጥኩ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

«እማማ! ገንፎው ላይ ምን ጨመሩ?»

«ምን እጨምራለሁ? ያልከኝን ነው።»

«ያስታውሱ እስቲ! ሌላ ምንም?»

ፈራ ተባ አሉ። «ቅቤ… ትንሽ ነው። ያለ ቅቤ ገንፎ ሲደርቅባቸው አሳዘነኝ።»

ቅቤ! አቅፌ ሳምኳቸው። የተበላሸ አለቃ በንጥር ቅቤ ሲያገግም! በዚያው ቀን የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ቀየርኩ። «የንጥር ቅቤ ሚና በዓይን እድገት ላይ» የሚል ሆነ። በልቤ ሽልማቱን ተቀብያለሁ፣ ንግግር አድርጌያለሁ፣ እናቴን ከፊት ወንበር አስቀምጫለሁ። በሌንስ እያየሁ ማስታወሻዬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ? «አዲሶቹ ዓይኖች ሙዝ ላይ ከምትዞረው ዝንብ ዓይን ፈጽሞ አይለዩም።» በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

በሚቀጥሉት ቀናት ብልቃጡ በዓይናሞች ሞላ። ጥሩ ሳይንቲስት በፊት ምን እንደነበረ ማስረጃ ማስቀመጥ አለበትና፣ ዓይን የሌላቸውን አደንዝዤ በብሩሽ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። የላቦራቶሪው አልኮል ስላለቀብኝ አረቄ ገዝቼ ዘፈዘፍኳቸው። አንድም አላስቀረሁም። ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

ከዚያ ስልክ ደወልኩ።

«ዶክተር! ዓይን አወጡ!»

«ማን?»

«ዝንቦቹ! አከራዬ በሠሩት ገንፎ፣ በቅቤ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ አይቼ!»

«ይዘሃቸው ና። ገንፎ የሠሩትንም ሴትዮ ይዘሃቸው ና።»

እማማ አሰለፈች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ገንፎ በሰሃን ከድነው፣ አዲስ ወደተቀባው ላቦራቶሪያችን ሲገቡ ተማሪዎቹ ሁሉ ተነሱላቸው። ዶክተር አልማዝ ወንበር አቀረቡና ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘረጉ።

«ዱቄቱ ምን ያህል ነው እማማ?»

«በእፍኝ ነው።»

«ውኃውስ?»

«እስኪበቃው።»

«ቅቤው?»

«ምራቅ ሲያስውጥ ይበቃል።»

ዶክተር አልማዝ ሁሉንም ጻፉ፣ ምራቁንም ጭምር። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ከቅቤው ሌላ ያደረጉት ነገር የለም?» አሉ።

«ምንም የለም። መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ነው።» እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተወካዮቹን ከመደብኩ ወዲህ ምንም አላደረግሁም።»

«የምን ተወካዮች?»

«እሱ እንዳስረዳኝ አለቃቸው የለም። ደግሞ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጩ ሳይ አላስችል አለኝ። መዝገብ ቤት ስሠራ አለቃ በሌለበት ተወካይ ይመደብ ነበር፣ ሥራ አይቆምም። እኔም ማድ ቤት ካለው ሙዝ ላይ ዓይን ያላቸውን ያዝኩና ለእያንዳንዱ ብልቃጥ ሁለት ሁለት መደብኩ። እንዲመሯቸው። መጨረሻ አንድ ተርፎኝ እሱንም የመጀመሪያው ውስጥ ጨመርኩት።»

ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሰባት። ያየኋቸው ሰባቱ። የሚበላሽ ተአምር እንዲህ በቁጥር ተመዝግቦ ሲበላሽ አይታችሁ አታውቁም። ከተማሪዎቹ አንዷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እኔ የቆምኩበት ወለል አዲስ ተቀብቶ ስለነበር ፊቴ እታች ሆኖ ያየኛል።

ዶክተር አልማዝ አልሳቁም። ቀስ ብለው «እማማ ትክክል ናቸው» አሉ። «ሂደቱን በሚገባ ተረድተውታል። ተወካዮቹ ከዓይን የለሾቹ ጋር ተዳቅለዋል፤ ልጆቹ ከአንዱ ወላጅ ደህና አለቃ ካገኙ እሱ ይፈርማል፣ ዓይን ይሠራል። ተወካይ ማለት እሱ ነው። አንተ ነህ ያልገባህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምንም አይደለም፣ ንጹሖቹን ለይተን ዘሩን እናድናለን። ዓይን የለሾቹ የት አሉ?»

ብልቃጡን አነሳሁላቸው። ወሰዱና አሸተቱት።

«አረቄ ነው?»

«የደብረ ብርሃን» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ያን ጊዜ ዶክተር አልማዝ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አራት ዓመት ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጡም፣ ይኸው ነው ያስፈራኝ። ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ አንድ መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። ከተወካዮቹና ከእኔዎቹ የተወለዱት፣ ዓይን ቢኖራቸውም፣ የተበላሸው አለቃ ውስጣቸው ተደብቋል። እርስ በርስ ቢጋቡ ከአራት ልጅ አንዱ ዓይን የለሽ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

እማማ ብድግ አሉ። «እርስ በርስ? ወንድምና እህት እኮ ናቸው!»

«ዝንብ ናቸው እማማ» አልኳቸው።

«ቢሆኑስ! ሰባት ቤት ቢቀር አንድ ቤት እንኳ አይቆጠርም?»

ግን ሰባት ቤትም ሆነ አንድ ቤት፣ ሒሳቡ አልሞላም። ዘሩ እስኪመለስ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ሙከራው ከእሱ በኋላ ሁለት ወር፤ ጽሑፌን የምከላከልበት ዲፌንስ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ነበር። የቀረኝ አራተኛ ማራዘሚያ መለመን ብቻ ነው። ዶክተር አልማዝ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ማመልከቻ የሚገባው እስከ ዓርብ ነው፣ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እማማን አስከትዬ ማራዘሚያ ወደሚሰጠው ቢሮ ሮጥኩ።

«ኃላፊው ስልጠና ላይ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«የሚቀጥለው ወር።»

«ሌላ የሚፈርም የለም?»

«ተወካይ አልተመደበም።»

ከኋላዬ የሰሃን ድምፅ ተሰማ። እማማ አሰለፈች የገንፎውን ሰሃን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ፊት መጡ።

«እኔ ለዝንብ መድቤያለሁ፣» አሉ ጸሐፊዋን ትክ ብለው እያዩ፣ «እናንተ ለሰው አቃታችሁ?»

ጸሐፊዋ ደብዳቤዬን መለሰችልኝ። ምን ታድርግ፣ እሷም ካልፈረሙላት ሠራተኞች አንዷ ናት። ከጎኗ ሻይዋ ነበር።

ታክሲ የለም፣ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶታል። በደምበል በኩል በእግራችን ወረድን። እማማ ባዶ ሰሃናቸውን ይዘዋል፤ ገንፎውን ተማሪዎቹ ጨርሰውታል፣ በእርግጥም ምራቅ ያስውጥ ነበር። እኔ ካርቶኔን ታቅፌያለሁ። አለቀስኩ ብላችሁ አጋነነ ትሉኛላችሁ። አለቀስኩ። በሕዝብ መሐል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ትልቅ ሰውዬ። አራት ዓመት ተቃጠለ። እናቴ ዕድር ላይ ምን ትላለች? በጤና ጀምሮ በጤና ወደቀ ትላለች?

«እኔ ነኝ ያጠፋሁብህ» አሉ እማማ ድንገት።

«አይደለም እማማ። እርስዎ የሠሩት በመስታወት ውስጥ ነበር። ሳምንት ከምናምን አየሁት። አጉልቼ ነው ያየሁት።»

ከሰፈራችን ደረስን። እኔ ከዝንቦቹ ውስጥ የትኛው ወንድም፣ የትኛዋ እህት እንደሆነች ልለይ ብልቃጦቹ ላይ አፍጥጬ ስሄድ ጣውላውን ሳትኩት። ቦዩ ውስጥ ገባሁ። እስከ ወገቤ። ካርቶኑን ግን ከራሴ በላይ አንስቼ ይዤዋለሁ፣ ለሳይንስ የሠራሁት ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ልብስ የምታጥበው ጎረቤታችን ከበር ሆና አየችኝ፣ ወደ ውስጥ ገባች።

እማማ አሰለፈች ሰሃናቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ካርቶኑን ተቀብለው በጥንቃቄ ጣውላው ላይ ካስቀመጡ በኋላ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ያዝ። ግራ እግርህን አንሳ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ እርገጥ። ቀስ።»

ወጣሁ። ጭቃዬን በእጃቸው ጠረጉልኝና፣ በአንድ እጃቸው ካርቶኑን፣ በሌላው ክንዴን ይዘው ጣውላውን አሻገሩኝ፤ ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቁኝም። እስከ በሬ ድረስ እየመሩ ወሰዱኝ።

«ወይ አንተ ልጅ፣» አሉ፣ «ለእነሱ መሪ ስፈልግ አንተን ረሳሁህ።»